ሱቁ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋው ምንድን ነው?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

ዛሬ እጅግ ተራ ስለሚመስል ጉዳይ፣ ስለ ሰፈር ሱቅ፣ ጥቂት እላለሁ።

እኔ በምኖርበት ሰፈር ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ አንድ ሱቅ ባለፈው ዓመት ተዘጋ። ባለቤቱ የሰፈሩ ሰው በሙሉ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ናቸው። ቤቱን ለማስረከብ ዕቃ በሚያወጡበት ቀን ላግዛቸው ሄጄ ነበርና ከባንኮው ሥር የዱቤ ደብተሮች ክምር አገኘን። ገልበጥ ገልበጥ ሳደርግ የእኔም ሒሳብ አለ፤ በስሜ ግን አይደለም፤ «አስተማሪው» ተብሎ ነው የተጻፈው። «ጋሼ፣ ይህን ምን ያደርጉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የከፈለውንም እቀደዋለሁ፣ ያልከፈለውንም እቀደዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንን የት አገኘዋለሁ?» አሉኝ።

ይህ መልስ ለብዙ ቀናት ከኅሊናዬ አልጠፋም። የችርቻሮ ንግድን ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የነገሩኝን ያህል አጥርቼ አስተምሬ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ። ሱቅ ሲዘጋ ዕቃው አይጠፋም። ዕቃው በሌላ መንገድ፣ አንዳንድ ጊዜም በርካሽ ዋጋ፣ ቤታችን ድረስ ይመጣል። የሚጠፋው ገዥና ሻጭ የሚገናኙበት፣ አንዱም ለሌላው የሚጠየቅበት ሥፍራ ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ሐሳብ ለማስረዳት የሚሞክር ነው።

ስለ ጉዳዩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ሱቅን ኢንተርኔት ገደለው» የሚል ፍርድ ነው። ይህን ፍርድ ለመመርመር የችግሩ ወሬ በብዛት ወደሚሰማባት ወደ አሜሪካ ለአፍታ እንሻገር። ሲርስ የተባለው ኩባንያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሥራውን የጀመረው ያለ ሱቅ ነበር። በየገጠሩ ለሚኖር ገበሬ ወፍራም የዕቃ ካታሎግ ይልካል፤ ገበሬው መርጦ ያዛል፤ ዕቃው በባቡርና በፖስታ ይደርሰዋል። የመጀመሪያውን መደብሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ዝነኛውን ካታሎግ በ1993 አቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1994፣ አማዞን ተመሠረተ። ሲርስ በ2018 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቀረበ። እንግዲህ ዕቃን ከሩቅ አዝዞ ቤት ድረስ ማስመጣት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ኩባንያው ራሱ የተወለደበት ጥበብ ነበር።

ቶይስ አር አስ የተባለውን የሕፃናት መጫወቻ መደብርም እንመልከት። በ2017 ሲከስር ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው ወደ ኢንተርኔት ነበር። ነገር ግን ኩባንያው በ2005 በብድር ገንዘብ ከተገዛ በኋላ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክሞ ነበር የሚነግደው። መደብሩን ማደስ የሚገባው ገንዘብ ለወለድ ይውል ነበር። በአሜሪካ ዛሬም ከጠቅላላው የችርቻሮ ሽያጭ በኢንተርኔት የሚከናወነው 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቅ የሚሞተው በአንድ በሽታ አይደለም። ዕዳው፣ ኪራዩና የአመራሩ ስሕተት አስቀድመው ያዳክሙታል፤ ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሕመምተኛው ከተኛ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ሱቅ ከሥፍራው ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የከተማዋ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተወስዶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አያሌ ሱቆች በኮሪደር ልማቱ ፈርሰው ነጋዴዎቻቸው ተበተኑ። ከተማ ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ ይህ አዲስ አይደለም። የአሁኑን ከቀድሞው ልዩ የሚያደርገው ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ነው።

የመጀመሪያው የቦታ ጉዳይ ነው። ነባር ሰፈር ሲነሣ ደንበኛው በአራትና በአምስት አቅጣጫ ይበተናል። ባለሱቁ አዲስ ቤት ቢከራይ እንኳ ደንበኞቹን አብሮ መከራየት አይችልም። የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቆች በጨረታ የሚሸጡ በመሆናቸው ክብሪትና ሻማ ሸጦ የሚያድር ሰው ከባንክና ከፋርማሲ ጋር ተወዳድሮ ሊያሸንፍ አይችልም።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ዋጋ በፈጠነ ቁጥር ዱቤ መስጠት ኪሳራ ይሆናል። በምሳሌ እንየው። ባለሱቁ በወሩ መጀመሪያ በ1,000 ብር የገዛውን ዕቃ በ1,080 ብር በዱቤ ሰጠ እንበል። በወሩ መጨረሻ ተበዳሪው በታማኝነት 1,080 ብሩን ከፈለው። ነገር ግን ያንኑ ዕቃ ለመተካት ወደ ጅምላ አከፋፋዩ ሲሄድ ዋጋው 1,100 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። በደብተሩ ላይ 80 ብር አትርፏል፤ በመደርደሪያው ላይ ግን 20 ብር ጎድሎበታል። ማንም አላጭበረበረውም፤ ሁሉም ቃሉን ጠብቋል፤ እርሱ ግን ከስሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ይህ ሒሳብ ይበልጥ ከብዷል። «ዱቤ የለም» የሚል ጽሑፍ በሱቅ በር ላይ ስታዩ ጭካኔ አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ የሒሳብ መግለጫ ነው።

ሦስተኛው ስልካችን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. ተከተለ። ገንዘብ ያለ ጥሬ ብር መክፈል ሲቻል ቴሌግራምና ቲክቶክ መደርደሪያ ሆኑ፤ ሞተረኛው ደግሞ የሱቁ ተላላኪ ልጅ ቦታ ተተካ። ዛሬ ጫማ፣ ሽቶ፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ የሕፃን ልብስ፣ ሁሉም በስልክ ይታያል፣ በስልክ ይከፈላል፣ በር ላይ ይደርሳል።

በዚህ አዲስ መደርደሪያ ላይ ግን አንድ እንግዳ ነገር አስተውላለሁ። ከዕቃው ፎቶ ሥር «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ይጻፋል። ይህችን አጭር ሐረግ በችርቻሮ ንግድ ታሪክ ውስጥ እናስቀምጣት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ቦን ማርሼ በተባለው የፓሪስ መደብር ሦስት ልማዶችን አስፋፋ፤ ዋጋ በዕቃው ላይ ተጽፎ ለሁሉም እኩል ይሆናል፤ ማንም የመግዛት ግዴታ ሳይኖርበት ገብቶ ያያል፤ ያልተስማማው ዕቃውን ይመልሳል። ዘመናዊ የምንለው መደብር የቆመው በእነዚህ ልማዶች ላይ ነው። እኛ ደግሞ እጅግ ዘመናዊ በሆነ መሣሪያ ከቡሲኮ በፊት ወደ ነበረው ዘመን ተመልሰናል፤ ሻጩ የጠያቂውን ስምና ፎቶ አይቶ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ዋጋ ይነግራል። የመርካቶ ክርክር እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ በመርካቶ ከጎንህ የቆመው ሰው ስንት እንደ ተባለ በጆሮህ ትሰማለህ።

የግል ገጠመኜንም ላክል። ለልጄ 42 ቁጥር ጫማ በአንድ ቻናል አዝዤ ከፈልኩ፤ የመጣው 40 ቁጥር ነው። ሞተረኛውን ጠየቅሁት፤ «ጋሼ፣ የእኔ ሥራ ማድረስ ብቻ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ለሻጩ ጻፍኩ፤ ጥቂት ቆይቶ መልእክት እንዳልልክ ታገድኩ። ያጣሁት ገንዘብ ብዙ አይደለም። የደነቀኝ ግን በዚህች ትልቅ ከተማ ውስጥ «እዚህ በር ላይ ሄጄ እቆማለሁ» የምለው በር አለመኖሩ ነበር። ጋሼ «ማንን የት አገኘዋለሁ?» ያሉት ይህንኑ ነው፤ እርሳቸው ከሻጭ ወገን ሆነው፣ እኔ ከገዥ ወገን ሆኜ፣ ሁለታችንም አንድ ነገር አጣን።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ሁሉ ስል የሰፈር ሱቅ ገነት ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ዱቤ ለሚታወቅ ሰው ነበር። ትናንት የገባ ተከራይ፣ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ፣ ቋሚ ደመወዝ የሌለው የቀን ሠራተኛ በደብተሩ ላይ አልነበሩም። ሚዛኑም ሁልጊዜ ትክክል አልነበረም። የቤተ ሰብ ችግር በዱቤ ደብተር በኩል የሰፈር ወሬ የሆነበት ጊዜም አለ። በሌላ በኩል ኪራይ መክፈል የማትችል፣ ልጅ እያሳደገች ከቤቷ ሆና በቴሌግራም የምትነግድ ወጣት እናት ዛሬ ደንበኛ አላት። ለእርሷ ስልኩ ነጻነት ነው። ከተማሪዎቼ መካከል በዚህ ንግድ ትምህርታቸውን የሚከፍሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኮራባቸዋለሁ።

ዱቤውም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም፤ መልኩን ለውጧል። ቴሌብር ከባንክ ጋር በመተባበር ካቀረባቸው አገልግሎቶች አንዱ «እንደኪሴ» ይባላል፤ ለክፍያ የጎደለውን ገንዘብ አበድሮ ይሞላል። ይህ በመሠረቱ የዱቤ ደብተር ነው። የሚጽፈው ግን ባለሱቅ መሆኑ ቀርቶ የስልካችንን እንቅስቃሴ የሚመዝን ስሌት ነው። ትርፍም ጉዳትም አለው። ስሌቱ የማንን ዘመድ እንደ ሆንን አይጠይቅም፤ ጋሼ የማያውቋት ተከራይ በዚህ በኩል ብድር ልታገኝ ትችላለች። በሌላ በኩል ጋሼ ሐዘን ላይ የተቀመጠ ቤት ዕዳ አይጠይቁም ነበር፤ ስሌቱ ግን የሰውን ሐዘን አያውቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ይቆርጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሱቁን በልመናና በትዝታ ማቆየት አይቻልም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተፈቅዷል፤ ውድድሩ ገና እየመጣ ነው። የምንችለው ሱቁ ሲሠራቸው የነበሩትን ሥራዎች ለይቶ ለእያንዳንዱ ባለቤት መፈለግ ነው። እኔ ሦስቱን ብቻ አነሣለሁ።

አንደኛው አድራሻ ነው። ሕግ የለም አይባልም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በእጃችን አሉ። ነገር ግን ማንኛውም ሕግ ተከሳሹ ማን እንደ ሆነና የት እንደሚገኝ ይጠይቃል። በስልክ የሚነግድ ሰው ስሙንና የምዝገባ ቁጥሩን በገጹ ላይ ቢያሳይ፣ ምዝገባውም ከቤቷ ለምትነግደው እናት ቀላልና ርካሽ ቢሆን፣ ግማሹ ችግር ይቃለላል። ምዝገባውን ግብር ማሳደጃ ብቻ ካደረግነው ግን ሁሉም ይሸሸጋል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ዋጋ ለሁሉም እኩል ይጻፍ። ይህን ለማስጀመር መንግሥትን መጠበቅ አያስፈልግም። እኛ ሸማቾች ዋጋ ከማይጽፍ ሻጭ ባለመግዛት ብቻ ልማዱን መለወጥ እንችላለን።

ሦስተኛው ቦታ ነው። አዲስ ሰፈር ሲታቀድ ለመኪና ማቆሚያ ስፋት እንደሚለካ ሁሉ ለጉልትና ለትንሽ ሱቅም መጠነኛ ኪራይ ያለው ቦታ ይለካ። የሚያስፈልገው ስልክ መንካት ለሚያቅታት አሮጊት፣ ሌሊት ልጁ ታሞበት ውኃና ስኳር ለሚፈልግ አባት፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ብቻ መግዛት ለሚችል ቤት ነው። ሞተረኛ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ይዞ አይመጣም፤ የማድረሻ ዋጋው ከሽንኩርቱ ይበልጣል።

ወደ መደምደሚያዬ ልመለስ። ጋሼ ደብተሮቻቸውን ከመቅደዳቸው በፊት የእኔን ገጽ ለብቻ አውጥተው ሰጡኝ። ከታች ያልተሰረዘ የ35 ብር ዕዳ አለበት፤ የስንት ዓመት እንደ ሆነ እርሳቸውም እኔም አናስታውስም። ልከፍል ኪሴ ስገባ እጄን ያዙኝና «ተወው፣ አስተማሪው፤ ይህ ሁሉ ዘመን ስትመጣ ከፍለኸኛል» አሉኝ። ገጹ አሁንም በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አለ።

ለተማሪዎቼ በዚሁ አጋጣሚ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። በዚህ ሳምንት በየሰፈራችሁ ወዳለ አንድ ሱቅ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ሰው በዱቤ ይወስዳል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ይሸጡት የነበረ፣ ዛሬ የተዉት ዕቃ ምንድን ነው፤ ሱቁ ቢዘጋ በመጀመሪያ የሚቸገረው የትኛው ቤት ነው? መልሱን ጽፋችሁ አምጡ። መጽሐፍ ሳይጽፈው የሚያልፍ ዕውቀት ነውና ባለቤቶቹ ሳሉ እንሰብስበው። ስትሄዱም ባዶ እጃችሁን አትመለሱ፤ ቢያንስ አንድ ክብሪት ግዙ።

አሁን ጥያቄና አስተያየታችሁን በደስታ እቀበላለሁ።