ማወቅና ማሳወቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተለማማጅ አስተማሪዎች ስም የተነገረ)



የምንናገረው በዚህ ዓመት ስለ ተማርነው አንድ ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት በመልቀቂያ ፈተና ላይ አይወጣም፤ ነጥብም አይሰጥበትም። ይኸውም ማስተማርን መማር ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈቃደኞች የሆንን 10 ተማሪዎች ለስምንት ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ወደ ታችኛው ግቢ እየወረድን በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ማስተማርን ስንለማመድ ቆይተናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠመኔ አልጨበጥንም። ሥራችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነባሮቹ መምህራን ሲያስተምሩ ማየትና መጻፍ ብቻ ነበር። በቀሩት ስድስት ሳምንታት ግን እኛ ከሰሌዳው ፊት ስንቆም፣ መምህርታችን በተራቸው ከኋላ ተቀምጠው ያዩትን ሁሉ በደብተራቸው ይጽፉልን ነበር።

ትምህርት ያወቀ ሁሉ ማስተማር ይችላል የሚል ሐሳብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግማሽንና ሩብን ማስረዳት እንዴት ያቅተዋል? የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማሳወቅ ደግሞ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው ስምንት ሳምንት ሙሉ የተጓዝነው።

ወጣት ተማሪ ታናሹን ማስተማሩ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉን ልጅ ብቻቸውን አይዙም፤ ዳዊት የደረሰው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ያስቀጽለዋል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ እንዲያገለግሉ በተደረገ ጊዜ፣ ብዙዎቹ የተመደቡት በአስተማሪነት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ እንደ እኛ ያሉ ወጣቶች የአባቶቻቸው እኩያ ለሆኑ ሰዎች ሀሁ አስቆጥረዋል። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት አያቶቻችን መካከል ያን ጊዜ ያስተማራችሁም የተማራችሁም እንደምትኖሩ እናምናለን።

አሁን ወደ ተማርነው ነገር እንመለስ።

መጀመሪያ የተረዳነው፣ አስተማሪ ክፍሉን የሚይዘው ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት መሆኑን ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። መምህርታችን የትምህርት ዕቅድ ስናቀርብላቸው ሁልጊዜ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ደወሉ ሲደወል ልጁ ዛሬ ጧት የማይችለውን ምን ነገር ይችላል?» ይሉናል። «ስለ ክፍልፋይ ይማራል» ብሎ መጻፍ አይበቃቸውም። «አንድን ሙሉ ነገር በአራት እኩል ከፍሎ ሩቡን ያሳያል» ብለን ስንጽፍ ግን ይፈርሙልናል። ዕቅዱ እንዲህ ግልጽ ሲሆን፣ ምን ይዘን እንደምንገባም ግልጽ ይሆናል።

አንዱ ጓደኛችን ለዚህ ትምህርት ድፎ ዳቦ ይዞ ገባ። ቢላዋውን አንሥቶ፣ «አራት እኩል ቁራሽ እንዲወጣ ስንት ጊዜ ልቁረጥ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አራት ጊዜ!» አለ። አንዲት ልጅ ብቻ ዝም ብላ በጣቷ ዴስኩ ላይ መስቀል ሠራች። ወጥታ እንድታሳይ ሲጠራትም ዳቦውን በሁለት ቁራጭ መስመር አራት አደረገችው። ቀጥሎም ከግማሽና ከሩብ የቱ እንደሚበልጥ ተጠየቀ። በሰሌዳ ላይ ሲታይ አራት ከሁለት ስለሚበልጥ ሩብን የሚመርጥ ልጅ ብዙ ነው፤ ዳቦውን እያየ ሩቡን የመረጠ ግን አንድም አልተገኘም። ሆድ የማያውቀው ሒሳብ የለም ብለን ስቀናል።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ አያያዝ ነው። በአንዱ ክፍል 58 ልጆች ነበሩ። አስተማሪው የልጆቹን ደብተር ራሱ ስም እየጠራ ቢያድል ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል። በየረድፉ አንድ አዳይ ልጅ ከተመረጠ ግን በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ትርፉ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ይህም በሳምንት በአምስት ክፍለ ጊዜ ሲባዛ 30 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህም በላይ ልጅ የሚረብሸው ብዙውን ጊዜ በነዚያ ሥራ በሌለባቸው ስምንት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሲገቡ የሚሠሩት አንድ አጭር ጥያቄ አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይጠብቃቸው ነበር። እጁ ሥራ የያዘ ልጅ ጎረቤቱን አይጎነትልም።

ሦስተኛው ነገር ሥርዓት ማስከበር ነው። በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን፤ ምክንያቱም ወላጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። በድሮ ጊዜ አባት ልጁን ወደ አስተማሪ ሲያመጣ «ዓይኑን ብቻ ተውልኝ» ይል እንደ ነበረ ሰምተናል። ዛሬ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ታዲያ ያለ አለንጋ 58 ልጆች እንዴት ጸጥ ይላሉ?

መምህርታችን ያስነበቡን አንድ ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ጄኮብ ኩኒን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ የብዙ ክፍሎችን ትምህርት በካሜራ እያስቀረጸ መረመረ፤ ውጤቱንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በመጽሐፍ አወጣ። አስቀድሞ ያሰበው ጥሩ አስተማሪን ከደካማው የሚለየው ልጅ ካጠፋ በኋላ የሚገሥጽበት መንገድ ነው ብሎ ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ነው። ልዩነቱ ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት ነው። ክፍሉ የሚታዘዝለት አስተማሪ በክፍሉ ማዕዘን ሁሉ የሚሆነውን እንደሚያይ ልጆቹ ያውቁታል፤ ትምህርቱም ሳይቆራረጥ ይሄዳል።

እኛም ከኋላ ወንበር ሆነን ያየነው ይህንኑ ነው። አንዲት ነባር መምህርት ሲጽፉ እንኳ ጀርባቸውን ፈጽሞ ወደ ክፍሉ አያዞሩም፤ ጎናቸውን ሰጥተው ይጽፋሉ። ሁለት ልጆች ሲንሾካሾኩ ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ ቀስ ብለው ወደ እነርሱ ይራመዱና በአጠገባቸው ቆመው ማስረዳታቸውን ይቀጥላሉ። ማንም አልተሰደበም፤ ማንም ከትምህርቱ አልተናጠበም። ድምፃቸውም ክፍሉ ሲንጫጫ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ልጆቹ ለመስማት ሲሉ ዝም ይላሉ። ጩኸትን በጩኸት ማሸነፍ እሳትን በጭድ እንደ ማጥፋት ነው።

ይሁን እንጂ፣ ጸጥታ ብቻውን ትምህርት እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርታችን ይህ ነው። አስተማሪ ሁሉ አስረድቶ ሲጨርስ «ገባችሁ?» ይላል። ልጆቹም «አዎ!» ይላሉ። ይህች «አዎ» የብዙ ልጅ መደበቂያ ናት። 58 ድምፅ አንድ ላይ ሲወጣ የማን እውቀት የማን አለማወቅ እንደ ሆነ የሚለይ ጆሮ የለም።

የቀድሞ የፊደል መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን በዜማ ከያዘው በኋላ ዓይኑ ሳያይ አፉ ብቻ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የፊደሉን ተራ አናውጠው «አቡጊዳ» ብለው እንደ ገና ያስቆጥሩታል። በዚህኛው ተራ ግእዙ፣ ካዕቡ፣ ሣልሱ ከልዩ ልዩ ፊደል እየተወሰደ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እየተባለ ስለሚሄድ፣ በዜማ የያዘው ልጅ ይያዛል፤ ለይቶ የሚያውቀው ግን ያልፋል። ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየጠቆመ እንዲያነብ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ይህ የማስተማር ዘዴ ከውጭ አገር መጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ ከኛው ከግቢያችን ጥላ ሥር የነበረ ነው።

ከዚህ ጋር የጥያቄ አጠያየቅን ተማርን። ስም አስቀድሞ ጠርቶ ጥያቄ ቢያስከትሉ ከተጠራው ልጅ በቀር ሌላው ማሰቡን ይተወዋል። ጥያቄው ይቀድማል፤ ዝምታ ይከተላል፤ ስሙ በመጨረሻ ይጠራል። ያ ዝምታ ደግሞ ረጅም መሆን አለበት። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ጥበቃው ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲሆን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ «አላውቅም» ማለት ይቀንሳል፤ ደካማ የተባሉትም መልስ መስጠት ይጀምራሉ። ሦስት ሴኮንድ ትንሽ ይመስላል፤ በ58 ልጆች ፊት ለቆመ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

እነዚህን ዘዴዎች ይዘን ሳለ ነው አንዱን ልጅ ያገኘነው። ስሙን አንጠራም። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ክፍሉ በአንድነት ሲያነብ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው የእርሱ ድምፅ ነበር። በሁለተኛው የማስተማር ሳምንት፣ በካርቶን ላይ አንዲት ቃል የምታሳይ ትንሽ መስኮት ቀደን፣ በገጹ መካከል እያስቀመጥን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስነበብን። ልጁ መስኮቱን አየ፤ እኛን አየ፤ ከዚያም ገጹን ከመጀመሪያው መስመር በቃሉ ይወርደው ጀመር። በመስኮቱ ውስጥ ያለችውን ቃል ግን ማንበብ አልቻለም።

ይህ የአንድ ልጅ ነገር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ በተመረመረ ጊዜ፣ ከሦስት ልጆች አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም። ወንበር አላቸው፤ ደብተር አላቸው፤ ስማቸው በየቀኑ ይጠራል፤ «አዎ» ብለውም ይመልሳሉ።

ያ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የሦስት ዓመት መጻሕፍትን በጆሮው ብቻ አጥንቶ የያዘ ልጅ እንዴት ሰነፍ ይባላል? ስለዚህ ማንም ሳይስቅበት ወደ ፊት ወንበር፣ ደኅና አንባቢ ከሆነች ልጅ አጠገብ አዛወርነው። ከትምህርት በኋላም በየተራችን አሥር አሥር ደቂቃ አብረነው እየተቀመጥን ከአቡጊዳ ጀመርን። በመጨረሻው ሳምንት በሰሌዳው ላይ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ የሁለት መስመር ጽሑፍ ጻፍንለት። ብቻውን አነበበው። በአንዲቱ ቃል ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ፤ ክፍሉም ጠበቀው።

ይሁን እንጂ ልጁ የሦስተኛ ክፍልን መጽሐፍ ለማንበብ ገና ብዙ ይቀረዋል። የኛ ስምንት ሳምንት ደግሞ አልቋል። ከሁለት ወር በኋላም ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ስለዚህ ይህን ንግግር በምስጋና ብቻ ልንዘጋው አንወድም፤ ሦስት ልመና አለን።

ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር፤ ይህ ልምምድ ከኛ ጋር እንዳይቀር እንለምናለን። የሚመጣው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችም ይውረዱ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይዩ፤ ከዚያ ያስተምሩ። የአሥር ደቂቃዋ ንባብ ግን የእነርሱን ተራ ሳትጠብቅ ከነገ ጀምሮ እንድትቀጥል ይሁን፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ጓደኞቻችን ሊረከቡን ፈቃደኞች ናቸው።

ለወላጆቻችን፤ ልጃችሁ ማታ ሲገባ ስንተኛ እንደ ወጣ ከመጠየቃችሁ በፊት መጽሐፉን በመካከል ገልጣችሁ «ይህችን መስመር አንብብልኝ» በሉት። ማንበብ የማይችል ወላጅም ቢሆን ልጁ በጣቱ እየጠቆመ ማንበቡንና በቃሉ መውረዱን ለይቶ ማየት ይችላል። ደግሞም ከልጆቻችሁ መካከል አስተማሪ መሆን እፈልጋለሁ የሚል ሲገኝ «ሌላ ነገር አጣህ?» አትበሉት። ከኛ ከአሥሩ አራቱ ይህን ሥራ መርጠናል፤ የመረጥነውም ሌላ ነገር አጥተን አይደለም።

ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ያልገባችሁን «ገባኝ» አትበሉ። አስተማሪ የሚደክመው በዝምታችሁና በ«አዎ»ችሁ ነው እንጂ በጥያቄያችሁ አይደለም።

እኛንም ለዚህ ላበቁን፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ዕቅዳችንን ላረሙልን መምህርታችንና ክፍላቸውን ለለቀቁልን መምህራን ሁሉ ምስጋናችን ታላቅ ነው። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።