ቀልድ የለበሰ ስድብ
(ከሬዲዮ ፕሮግራም የተወሰደ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርእሳችን ብዙ ጊዜ በሳቅ የሚታለፍ ጉዳይ ነው። የሰውን ዘር፣ የቆዳ ቀለምና የእጅ ሥራ የሚያዋርዱ ቃላት ከመድረክ ቀልድና ከልብ ወለድ መጻሕፍት ይታገዱ ወይስ አይታገዱ? አንዳንዶች «ቀልድ ነው፣ ማን ተጎዳ?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ቃሉ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ይሰብሰብ» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት ነገር ስላለ እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

በቅድሚያ ከቁርኣን እንነሳ። በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ሰዎች በሰዎች ላይ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ፣ አንዱም ሌላውን በመጥፎ ስም እንዳይጠራ ከልክሏል። ልብ በሉ፣ ክልከላው የሚጀምረው ከመሳለቅ ነው። ስድብ በቁጣ ብቻ አይመጣም፤ በሳቅም ይመጣል። በቁጣ የመጣውን ስድብ ሰው ያወግዘዋል፤ በሳቅ የመጣውን ግን ያጨበጭብለታል።

ቡኻሪ የዘገቡትን የአቡ ዘር (ረ.ዐ) ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አቡ ዘር ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭተው በእናቱ ነቀፉት። ብዙ ዓሊሞች ሰውየው የእኛው አገር ሰው ቢላል (ረ.ዐ) ናቸው ይላሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ አቡ ዘር ገና የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለባቸው ነገሯቸው። አስቡት፣ ይህ የተነገረው ለአንድ ታላቅ ሶሓባ ነው! ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው አቡ ዘርን ረበዛ በተባለ ስፍራ ሲያገኛቸው እሳቸውም አገልጋያቸውም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነበር። ምክንያቱን ቢጠይቃቸው ይህንኑ ታሪክ ነገሩት። ተግሣጹ ከምላሳቸው አልፎ እስከ ልብሳቸው ደርሶ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ዓሊሞቻችን ይህን ታሪክ ከመጻሕፍት አላወጡትም። አቡ ዘርም ራሳቸው አልደበቁትም። ስድቡ የተጻፈው ሊሳቅበት ሳይሆን ሊያስተምር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ቃሉ ተጽፏል ወይ?» ሳይሆን «ለምን ተጻፈ?» ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። ከላሊበላ ወጣ ብሎ በላስታ ተራራ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸ፣ ክርስቲያን ወገኖቻችን የሚያከብሩት የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ያሠራው የዛጉዌ ንጉሥ ነው። እነዚህ የላስታ ነገሥታት ከወረዱ በኋላ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ክብረ ነገሥት «ከእስራኤል ዘር አይደሉም» በሚል ሐሳብ ነቅፏቸዋል። ጥፋታቸው የትውልድ ሐረጋቸው ነበር! ሆኖም ሥራቸው ዛሬም ቆሟል፤ ከእነሱም እንደ ቅዱስ የሚከበሩ አሉ። መጽሐፉም አልጠፋም። በዘር መናቅ በአገራችን ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር የምናውቀው መጽሐፉ ስላልጠፋ ነው። ቢቃጠል ኖሮ ንቀቱ ሳይሆን ማስረጃው ነበር የሚጠፋው።

«ታዲያ በሕግ ቢታገድስ?» ትሉ ይሆናል። ይህም ተሞክሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለእጆችን በሥራቸው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ አዝዘው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን «ቡዳ» ማለት ግን ጨርሶ አልቀረም። ይህ ጉዳይ የእኛንም ቤት ያንኳኳል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዙ ቦታ ሙስሊሞች ርስት ተነፍገው በሽመናና በንግድ ይተዳደሩ ነበርና «ሸማኔ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ሲወረወር አባቶቻችንን መትቷል። የለበሰው ሰው የሸመነለትን ሲሳደብ ከዚህ በላይ ምን ውለታ ቢስነት አለ?

አዋጁ ያልቻለውን ሌላ ነገር ሲችለው ግን አይተናል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንድንባል ነበር። ሁለቱ አጠራሮች የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ነው፤ ግን አንዱ እንግዳ ያደርጋል፣ ሌላው ባለቤት። የኦሮሞ ሕዝብም ሌሎች ያወጡለትን፣ እኔም እዚህ የማልደግመውን ስም አልቀበልም ብሎ በራሱ ስም እንዲጠራ ጠየቀ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አሮጌው ስም ከመንግሥት ሥራ፣ ከትምህርት ቤትና ከሬዲዮ ወጣ። ባለቤቱ ተናገረ፣ ሌላው ሰማ፣ ልጆችም ትክክለኛውን ስም ተማሩ። ቃልን የሚያስወጣው ቅጣት ብቻ ሳይሆን በቦታው የሚተካ ክብር ነው።

አሮጌዎቹ መጻሕፍትስ? አባ ባሕርይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ ኦሮሞ የጻፉት ታሪክ ያንኑ ስም በርእሱ ይዟል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙት በራሳቸው መጽሐፍ ርእስ ላይ «ኦሮሞች» ብለው ጻፉ። ታሪኩ አልተደበቀም፤ ስድቡም እንደገና አልተወረወረም። በአሜሪካ ግን በ2011 እ.ኤ.አ. የማርክ ትዌይን ሃክልቤሪ ፊን የተባለ ልብ ወለድ በአንድ እትም ሲወጣ ጥቁሮችን የሚያዋርደው ቃል ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ወጥቶ «ባሪያ» በሚል ተተካ። እስቲ ፍረዱ! መድኃኒት የተባለው ቃል በእኛ አገር ራሱ ቁስል ነው። ባርነት በሕግ ከተሻረ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ እንኳ ጠቆር ያለውን ወገን ለማዋረድ ይወረወራል። ይኸው ቃል ግን «የአላህ ባሪያ» ስንል ከማዕረግ ሁሉ በላይ ነው። ቃሉን ብቻ የሚያሳድድ ሕግ ስድቡን ከዒባዳው መለየት አይችልም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185ም ጥላቻን በሚነዛ ላይ ቅጣት ሲደነግግ፣ የኪነ ጥበብ ሥራን፣ የጥናትና የሃይማኖት ትምህርትን ከክልከላው ለይቶ አስቀምጧል። እንግዲህ በሕጉና በመድረኩ መካከል ክፍት ቦታ አለ። ያንን ቦታ የሚጠብቀው ማን ነው? እኛው ነን።

ደራሲ አንድን ጌታ አገልጋዩን ሲሳደብ ቢያሳየን አንባቢው ከተሰዳቢው ጋር ያለቅሳል። ይህ ምስክርነት ነው። ቀልደኛ የአንዱን ብሔር አነጋገር አጣምሞ «ሞኝ፣ ቋጣሪ፣ ቆሻሻ» አድርጎ ሲያቀርብ ግን ተመልካቹ ከተሳዳቢው ጋር ይስቃል። ይህ ስድብ ነው። ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ዘመዳሞች በሰርግም በቡና ላይም ይቀላለዳሉ፤ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ይመልሳል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ተሰዳቢው መመለስ የማይችልበት ቀልድ ጨዋታ አይደለም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ያ ሰው አጠገባችሁ ቢቀመጥ ያንኑ ቀልድ ትደግሙታላችሁ?

ውድ አባቶችና እናቶች፣ የቀልደኛው ደመወዝ የእኛ ሳቅ ነው። ሳቃችንን ከከለከልነው ያለ ፖሊስ ይታገዳል። ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ቀልድ ከቴሌቪዥን ሲሰሙ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ «ይህ ሰው ማንን አሳነሰ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በመጽሐፍ ውስጥ ሲያገኙት ደግሞ መጽሐፉን አትንጠቋቸው፤ አብራችሁ አንብቡ። ስለ ቢላል (ረ.ዐ) የአዛን ድምፅ ለልጆቹ በኩራት የሚተርክ ቤት፣ ጥቁሩን ጎረቤት በቀለሙ ሲጠራ መሰማት የለበትም። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የሚደክሙ እህቶቻችን በቀለማቸው ሲሰደቡ ያመናል። ያ ሕመም በቤታችን ላለችው ሠራተኛም ይሰማን።

አላህ ምላሳችንን ከስድብ፣ ሳቃችንን ከግፍ ይጠብቅልን። አሚን።