ሁለት የዱሮ መኪኖች በቡና አገር
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ቴፒ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ጎን ለጎን ስለ ቆሙ ሁለት መኪኖች ነው። አንደኛው ላንድሮቨር፥ ሁለተኛው ላንድክሩዘር ነው። ላንድሮቨሩ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ዋንዛ ሥር ቆሞ ዶሮ ሲያድርበት ኖሯል። አሁን በቁራጭ ብረት ሒሳብ ለጨረታ ሊወጣ ነው ሲባል ሰማንና ሳይሸጥ ሄደን አየነው።

ዘመኑን ማወቅ አላስቸገረንም። መብራቶቹ ክንፎቹ ላይ ናቸው፤ የፊቱም ፍርግርግ ፕላስቲክ ነው። ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ይሠራ የነበረው ሲሪስ ሦስት መሆኑን ያሳያል። ላንድክሩዘሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለበት ነው።

ማግኔት ይዘን ነበርና ወደ ላንድሮቨሩ በር ብናስጠጋው ወደቀ፤ በሩ አሉሚኒየም ነውና። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ የተነሣ ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር ፋብሪካው አሉሚኒየም መረጠ። ችግር ያስመረጠው ነገር ለኛ አገር ዝናብ ተስማማ። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ጭቃ የሞላበትን የኋላውን ጫፍ በካቻቢቴ ብንነካው ካቻቢቴው ዘልቆ ገባ። አሉሚኒየሙም ቢሆን ከብረት ጋር በሚነካካበት ቦታ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ዱቄት ነጭ እየሆነ ይበላል። እንግዲህ «ላንድሮቨር አይዝግም» የሚባለው እውነቱ ግማሽ ነው።

ላንድክሩዘሩ ዙሪያውን ብረት ነው። የበሮቹ ሥር ተበልቶ ሁለት ጊዜ ተበይዷል፤ ነገር ግን ይሠራል። ጉልበቱ ወደ 130 ፈረስ ነው፤ ላንድሮቨሩ በደኅና ዘመኑ 70 ያህል ነበረው። አስፋልት ሳይገባ ሁለቱንም በሚዛንና በቴፒ መካከል የነዱትን አዛውንት ሾፌር ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፥ ላንድሮቨሩን ጭቃ ሲይዘው ወርደን እንገፋዋለን፤ ያንን ግን ማን ይገፋዋል?» ብለው ሣቁ። ቢሆንም ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ሚዛን ሆስፒታል ለማድረስ የሚመርጡት ላንድክሩዘሩን ነው። እኛም አልተከራከርናቸውም።

ለትምህርት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ላንድሮቨሩ ባትሪው ቢሞት ከፊት በኩል በእጅ በሚዞር ብረት ይነሣል፤ ክንፉም በቡሎን የተያያዘ ስለ ሆነ በቁልፍ ተፈትቶ ይወጣል። እርግጥ የላንድክሩዘሩም ሞተር ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ፥ አራቱም እግሩ ባሌስትራ ነው። ነገር ግን ሥራ ላይ ያለን መኪና ተማሪ እንዲፈታው ማን ይፈቅዳል? እኛ እስከ ዛሬ ካምቢዮን የምናውቀው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው።

ስለዚህ መምህሮቻችን ጨረታው ሳይከፈት ላንድሮቨሩ ለወርክሾፓችን እንዲሰጥ ደብዳቤ እንዲጽፉልን እንለምናለን። ሻንሲውን እኛው እንበይዳለን። ገፍተን ለማምጣት የተመዘገብነው አርባ ነን። ሦስቱ ጎማዎች አየር ይይዛሉ፤ አራተኛውን ሾፌሩ ሊያውሱን ቃል ገብተዋል።