ጥንብ አንሣን በሁለት ዓይኑ ሣሉት

 

ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የሥዕል ሥልጠናችሁን ጨርሳችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ በቀሐ ወንዝ ዳር ያለውን ግድግዳ በከተማችን ወፎች ማስጌጥ መሆኑን ስሰማ ልቤ ሞላ። ንድፋችሁንም አሳዩኝ። እጃችሁ ደህና ነው፤ ቀለም ማዋሐድም ታውቃላችሁ። ግን ያ ጣዎስ ከየት መጣ? ያ ቀይ በቀቀንስ? ቀሐ ዳር በቀይ በቀቀን ተቀስቅሶ የሚያውቅ ጎንደሬ አለ? ከስልክ ላይ ገልብጣችኋል፤ ዓይኔ አይስተውም። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይላል ሰዉ፤ የሚሥላትም እንዳገሯ ሊሥላት ይገባል።

ወፍ መሣል ለኛ የቆየ ነገር ነው። በአድዋ አቅራቢያ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራናው በቤተ ሙከራ ተመርምሮ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን የተሠራ መሆኑ ተረጋግጧል። በዓምድና በቅስት ባጌጡት ገጾቹ አናት ላይ ወፎች ቆመዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስትመጡ ደግሞ ቅዱስ ያሬድን ታገኛላችሁ። ንጉሥ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተክሎታል፤ ደሙ ይፈሳል፤ ሁለቱም አልሰሙም። በላይ ሦስት ወፎች አሉ። የዜማ ስልቶቹ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ከነዚያ ከገነት ከመጡ ወፎች የተገኙ ናቸው ይላል ትውፊታችን።

እኔን ሠዓሊ ያደረገኝ ይህ ሥዕል ነው። ልጅ ሆኜ ቅዳሴው ሲረዝም እግሬ ይዝላል፤ ዓይኔ ግን ወፎቹ ላይ ይቀር ነበር። አያቴን ምን ዓይነት ወፎች እንደሆኑ ብጠይቃት፣ «የገነት ናቸው፤ ጠዋት ዝም ብለህ ከሰማህ ግን የቀሐዎቹም ያዜማሉ» አለችኝ። ያሬድ ዕድሜውን የፈጸመው በሰሜን ተራሮች ነው ይባላል፤ ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአባ ያሬድ ተራራ ስሙን ይዞ ቆሟል። ስለዚህ ወፍን ሰምቶ ዜማ የሠራ ሰው ጎረቤታችን ነው። እናንተ ወፍን አይታችሁ ሥዕል መሥራት እንዴት ያቅታችኋል?

የምትሥሉት እንደሆነ ሞልቷል። አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የሌለች ርግብ አለች፤ ገደል ለምዳ የኖረች ስለሆነች ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ቤቷ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መንቆሩ የወፈረው ቁራ አለ፤ እሱም ከአፍሪካ ቀንድ አይወጣም።

እኔ ግን ዛሬ ልለምናችሁ የመጣሁት ስለ ጥንብ አንሣ ነው። በንድፋችሁ ውስጥ ፈለግሁት፤ የለም። አስቀያሚ ነው ብላችሁ እንደተዋችሁት ገብቶኛል። በ1832 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በሰሜን ተራሮች አድርጎ ጎንደር ገባ። ዛሬ በሱ ስም የሚጠራ ጥንብ አንሣ አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዘር አንዱ በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ ከዚያ በላይ የበረረ ወፍ አልተመዘገበም። ይህ ንጉሥ ነው እንግዲህ ከግድግዳችሁ ያስቀራችሁት። አሁን እሱም፣ ቄራ አካባቢ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሣም፣ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ገብተዋል።

ጥንብ አንሣ ሲያልቅባቸው ሕንዶች ምን እንደደረሰባቸው ልንገራችሁ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከብት ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይሰጡ ነበር። ከብቱ ሲሞት ጥንብ አንሣው ይበላዋል፤ ኩላሊቱ ይከሽፋል፤ ይሞታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋናዎቹ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 እጅ በላይ አለቁ። በ2006 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ሲከለከል ሬሳው ሜዳ ላይ ተከምሮ፣ የባዘነ ውሻ በዝቶ ነበር። በኛ አህጉር ደግሞ ትልቁ ገዳይ መርዝ ነው። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ ሰው በጅብ ተናዶ የሞተ በሬ ላይ መርዝ ነሰነሰ። ጅቡ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ጠዋት ስንደርስ ጥንብ አንሦቹ በበሬው ዙሪያ ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀዋል፤ አንዱ አንገቱን ሊያነሣ ይሞክር ነበር። ከነሱ ጋር የጎረቤታችን ውሻ ሞቷል። በሬውን የሚያነሣው ጠፍቶ ሽታው ከሰፈሩ አልወጣ አለ። ያን ጊዜ ነው ማን ሲያጸዳልን እንደኖረ የገባን። መርዝ የሚነሰንስ ሰው ስታዩ ዝም አትበሉ፤ ብትቆጡትም አልቆጣችሁም።

የጥንት ሠዓሊዎቻችንን ሕግ ታውቃላችሁ። ጻድቁን ፊቱን ወደኛ መልሰው በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል፤ ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ጥንብ አንሣን በጎን እንዳትሥሉብኝ። ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ፣ ከግድግዳው መካከል ሣሉት።

በኒው ዮርክም ወፎችን በመሣል የታወቀው ኦዱቦን በኖረበት ሰፈር ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር ንብረት ለውጥ የሚያሰጋቸውን ወፎች በሱቅ መዝጊያና በሕንፃ ግድግዳ ላይ ይሥላሉ። መልካም ነው። እኛ ግን ሥዕሉ አጠገብ ዛፍ እንትከል። የፋሲል መዋኛን ቅጥር በሥሩ ያቀፈውን ትልቅ ዛፍ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሣዋል። እንዲህ ያለ ዛፍ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ስትጥል ነው። ያ ገንዳ ለጥምቀት የሚሞላው በቀሐ ውኃ ነው፤ የዚያኑ ወንዝ ዳር ግን በላስቲክና በባሕር ዛፍ ሞላነው። ባሕር ዛፍ ለወፍ የሚበላ ፍሬ የለውም። ዋንዛ ትከሉ፣ ሾላ ትከሉ። ዋንዛ ሲያፈራ ወፉ ራሱ ይመጣል፤ እናንተም ሞዴል ፍለጋ ስልክ አትከፍቱም።

ግድግዳው እርጥበት እንደሚስብ አይቻለሁ። ከሥሩ በደንብ ሳይደርቅና ሳይለሰን ቀለም አታስነኩት፤ ክረምቱ ይልጠዋል። እስኪደርቅ ያለውን ጊዜ ለመመልከት ተጠቀሙበት። የፊታችን ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቀሐ ድልድይ ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ ስልካችሁን እቤት ተዉት። ከዚያ አብረን ወደ ቄራው እንሄዳለን።