የተሰረቀ የመሥሪያ ቤት ዕቃ እንዴት ይገኛል?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ኮሚቴው ስለ ንብረት አጠባበቅ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ጠይቆናል። እኛ በመዝገብ ቤትና በንብረት ክፍል ያረጀን ጸሐፊዎች ነን። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ነገር ግን ዕቃ ሲገባ፣ ሲወጣና ሲጠፋ ስናይ ኖረናል። ስለዚህ የምንናገረው ያየነውን ነው።

ዕቃ ሲጠፋ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ወሰደው?» ብሎ ነው። «ዕቃው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አባቶቻችን በሌባ ሻይ ይጠቀሙ እንደነበር ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰምታችኋል። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁ ራሱን ስቶ ይሮጣል፤ ሌባ ሻዩ በመቀነት ይዞት ይከተላል፤ ልጁ ሮጦ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፤ ይከፍላል። ድሀም ቢሆን፣ ንጹሕም ቢሆን ይከፍላል። ይህ ነገር በኋላ በመንግሥት ታግዶ ቀረ፤ ደግ አደረገ።

አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የተባለው ግን ከዚህ ይሻላል ብለን እናምናለን። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሽማግሌዎች ይመረጡና እያንዳንዱ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ሌባው ካልተገኘ ጉዳቱን አገሬው በጋራ ይከፍላል። በጋራ መክፈል ስላለ ሁሉም ዓይኑን ይከፍታል። ችግሩ፣ በጥላቻ የሚመሰክርም አይጠፋም። ደግሞስ ዛሬ በከተማ ማንን ሜዳ ላይ ሰብስበህ ታስምላለህ?

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንምጣ። በ1979 ዓ.ም. በምንሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አንጠራም፣ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ አንድ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ የሒሳብ መኪናና የግድግዳ ሰዓት ጠፋ። በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቱም እንደተዘጋ ነው። ታዲያ ወዲያው የተያዙት ማን ይመስላችኋል? ዘበኛው ናቸው። ዘበኛው የውጭውን ግቢ ይጠብቃሉ እንጂ የክፍሉ ቁልፍ በእጃቸው የለም። ቁልፉ ያለው በሁለት ሠራተኞች እጅ ነው። ይህን የጠየቀ አልነበረም። ዘበኛው ድሀ ናቸው፤ ጋቢያቸውም አሮጌ ነው፤ ይኸው በቃ።

ሁለት ወር ያህል ታሰሩ። ባለቤታቸው በአገልግል ምሳ እያመላለሱ ሰነበቱ። በዚህ መሐል የሴትዮዋ እናት ሞቱ። ይህን ስንናገር በዕድር ስብሰባ ላይ መሆናችንን አንዘነጋም። የሁለት ወር መዋጮ ስላልተከፈለ ያን ጊዜ የነበሩበት ዕድር ድንኳን ላለመስጠት ተከራከረ፤ በብዙ ልመና ሰጠ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ሰው ግን አልሞላውም። «የሌባ ቤት» ተብሎ ለቅሶ ያልደረሰው ብዙ ነው። የጽሕፈት መኪናው ዋጋ ስንት እንደነበር በመዝገብ ተጽፏል፤ የዚያ ድንኳን ባዶነት ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፍ?

መኪናው የተገኘው እንዲህ ነው። አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ መጣ። ከፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ የጻፈለት ነው። ከእኛ መካከል አንዱ ወረቀቱን ሲያነብ ቆም አለ። «ለ» የሚለው ፊደል ቀኝ እግሩ ጫፉ ተሰብሮ አጭር ነው። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና አንዳንዱ ፊደል አካሉ ይመታና ቅጥሉ ለብቻው ይጨመራል፤ የዚህኛው የሣልስ ቅጥል ደግሞ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ይህን መኪና ስድስት ዓመት መትተንበታል። እረኛ በጉን በድምፁ እንደሚለይ፣ እኛም መኪናችንን በፊደሉ ለየነው። ከፋይል ውስጥ የቆዩ የካርቦን ቅጂዎችን አውጥተን ከማመልከቻው ጋር አስተያየን። አንድ ነው።

ፖሊስ ሲሄድ በመኪናው ላይ የነበረው የፋብሪካ ቁጥር በሞረድ ተፍቋል። ቁጥሩ ተፍቆ ፊደሉ መሰከረ ማለት ነው። ራፖር ጸሐፊው በገበያ ቀን በ350 ብር እንደገዛው ተናገረ፤ የሸጠለትንም ሰው አሳየ። ነገሩ ተጎትቶ ተጎትቶ ከሁለቱ ቁልፍ ያዦች አንዱ ዘንድ ደረሰ። ዘበኛው ተፈቱ። ይቅርታ የጠየቃቸው አለቃ ግን አላየንም። የሒሳብ መኪናውና ሰዓቱ ቁጥራቸው በመዝገብ ስላልሰፈረ «ቀለሙ ግራጫ» ከማለት በቀር የምንናገረው አልነበረንም፤ እስከ ዛሬም አልተገኙም።

የራፖር ጸሐፊውስ ነገር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተሰረቀ ዕቃ በቅን ልቦና በተገዛም ጊዜ ባለቤቱ ሊያስመልሰው እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን ገዥው በሕዝብ ገበያ ወይም እንዲህ ያለ ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ በቅን ልቦና ገዝቶት እንደሆነ፣ ባለቤቱ የከፈለውን ዋጋ ይመልስለታል። ሰውየው ይህን ጠቅሶ አመለከተ፤ ያውም በሰው መኪና አስጽፎ። የእኛ መሥሪያ ቤት «በጀት የለም» አለው። እኛ ይህን ልክ አይደለም ብለን ያን ጊዜም ተናግረናል። ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ ሲገዛ ምነው አልጠየቀም የሚል አይጠፋም፤ ይህም እውነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ዕቃ የሚገዛን፣ የሚደብቅን፣ የሚሸጥን ሰው በመሸሸግ ይቀጣዋል። አሮጌ ዕቃ የምትገዙ፣ በተለይ መርካቶ ምናለሽ ተራ የምትወርዱ፣ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ርካሽ ቢሆንም ተዉት።

ቁጥር መፋቅ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በብራና መጻሕፍት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ተጽፎ «የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን» የሚል ማሰሪያ ይገኛል። ጻፎቹ ሌባ መስረቅ ብቻ ሳይሆን ስሙንም እንደሚፍቅ ያውቁ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ መጻሕፍት ወስዷል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጽፈው በ1872 እ.ኤ.አ. ተመልሶላቸዋል። ከቀሩት ውስጥ የመቅደላ መድኃኔ ዓለም መሆናቸው ዛሬ የሚታወቁት ስሙ በገጻቸው ላይ ስላለ ነው።

በመንግሥት ቤት ደግሞ ሞዴል 19 አለ፤ ዕቃ ሲገባ የሚቆረጥ። ሞዴል 22 አለ፤ ዕቃ ሲወጣ የሚቆረጥ። ወጣቶቹ ይህን ወረቀት ማብዛት ይሉታል። በሞዴል 19 ላይ «ኮምፒዩተር፣ ብዛት 5» ብሎ መጻፍ በእርግጥ ወረቀት ማብዛት ነው። የአምስቱንም የፋብሪካ ቁጥር መጻፍ ግን ሌላ ነው፤ ሌባውን ተከትሎ የሚሄድ እሱ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በጦርነቱ ምክንያት በዞናችን በሸዋሮቢት፣ በደብረ ሲናና በሌሎችም ከተሞች መሥሪያ ቤቶችና ጤና ተቋማት መዘረፋቸውንና መውደማቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መዝገቡ ከዕቃው ጋር በአንድ ክፍል ከተቀመጠ አብሮ ይሄዳል፤ አብሮ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ዕቃው በመንገድ ላይ ቢያዝ እንኳ «የእኛ ነው» ለማለት ማስረጃው ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ቤት መኖር አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ ስልክም አንድ ቃል። እያንዳንዱ የእጅ ስልክ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብትነኩ ቁጥሩ ራሱ ይወጣል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በደብተር ጻፉት፤ በስልኩ ውስጥ ሳይሆን በደብተር። ልጆቻችሁ ይርዷችሁ።

ስለ ዕድራችን ዕቃ ያለን ሐሳብ ይህ ነው። ድንኳኑ፣ ዘንጎቹ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ብረት ድስቶቹና ሣህኖቹ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፍባቸው። ድስቱ ከሥሩ፣ ወንበሩ ከመቀመጫው በታች፣ ድንኳኑ ከውስጥ ጥግ ላይ ይሁን፤ ፊት ለፊት የተጻፈውን ሌባውም ያየዋል። መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይሠራ፤ አንዱ በዕቃ ቤት፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ ራቅ ካለ አባል ቤት። ቁልፍ የያዘ ሰው ቁልፍ መያዙን ይፈርም። ዕቃ ቢጠፋ ጓጉንቸሩን ማንም አይንካ፤ አሻራ ይጠፋል፤ ለፖሊስ ይነገር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የማንም ስም አይጠራ። ዕቃ ጠባቂያችን በወር የሚያገኙት ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ስማቸውንም እንዳንወስድባቸው።

ቀለሙንና ብሩሹን ገዝተናል፤ ደረሰኙ ለገንዘብ ያዡ ተሰጥቷል። ወጣቶቹ ቅዳሜ ጧት 2 ሰዓት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ይጠብቁን፤ ቁልፉን ዳኛው ይዘው ይመጣሉ።