የድረ ገጽ አሠራር፦ መሠረቱ፥ የዘመኑ አዝማሚያና ወሰኑ
(በጁባ ከተማ፥ በጉዴሌ ሰፈር ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ንግግሬን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ ሰፈር ፊደል ለሚቈጥሩ ልጆች የፈተናውን ቀን የሚያስታውቅ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ነበር። ማስታወቂያውን አሳምሬ ከጻፍሁ በኋላ ወደ ሥዕል ለውጬ በገጹ ላይ አኖርሁት። በእኔ ኮምፒውተር ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር። በፈተናው ቀን ግን ከልጆቹ ብዙዎቹ ቀሩ። አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው ሲያሳዩኝ ጽሑፉ ሊኖር በሚገባው ስፍራ የነበረው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። «ልጄ፥ የገዛሁት ዳታ አለቀ፤ ገጽህ ግን አልተከፈተልኝም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የገጽ ውበት የሚለካው በሠሪው ዐይን ሳይሆን በአንባቢው እጅ መሆኑን ተረዳሁ።

ድረ ገጽ የተባለውን ነገር ቲም በርነርስ ሊ የተባሉ እንግሊዛዊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 አሰቡት፤ በ1991 ለሕዝብ ተገለጠ፤ በ1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ተፈቀደ። መሠረቱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ኤችቲኤምኤል፥ ሁለተኛው በ1996 ደንቡ የወጣው ሲኤስኤስ፥ ሦስተኛው በ1995 የተፈጠረው ጃቫስክሪፕት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የአገራችን ቁም ጸሓፊ ብራናውን በመስመር ያሰምራል፤ ኅዳጉን ይተዋል፤ አርእስቱንና የቅዱሳንን ስም በቀይ፥ የቀረውን በጥቁር ቀለም ይጽፋል። «ይህ አርእስት ነው፥ ይህ አንቀጽ ነው» ብሎ የሚለየው ኤችቲኤምኤል ነው፤ ቀለሙን፥ መስመሩንና ኅዳጉን የሚወስነው ሲኤስኤስ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ በብራና ያልነበረውን እንቅስቃሴ ይጨምራል።

ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት እንደ ደከሙ ሁሉ፥ ወደ ኮምፒውተር ለማስገባትም ብዙዎች ደክመዋል። ቀድሞ እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደሉ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር። አማርኛን በሥዕል የማኖር ልማድ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1999 ግን ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም መዝገብ ስለ ገባ፥ ያ ምክንያት ቀርቷል። ሒሳቡንም ተመልከቱ፤ በተለመደው አጻጻፍ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፥ 1,000 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 3,000 ባይት ይሆናል። የእኔ ሥዕል ግን ከ2 ሚሊዮን ባይት ይበልጥ ነበር። እኒያ እናት ዳታቸውን የጨረሱት በእኔ ጌጥ ነው።

ስለ ዘመኑ አዝማሚያ ስንናገር ከሁሉ የሚጠቅመው በ2010 ኤታን ማርኮት ስም ያወጣለት አሠራር ነው፤ ይኸውም አንዱ ገጽ እንደ መሣሪያው ስፋት ራሱን እያስተካከለ በስልክም በኮምፒውተርም እንዲነበብ ማድረግ ነው። ትልልቅ ሥዕል፥ ተንቀሳቃሽ ጌጥ፥ ጥቁር መደብ፥ የተዘጋጀ ንድፍ፥ አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ገጽ ማሠራት ተስፋፍቷል። እነዚህን መርምሮ መውሰድ ይገባል። የተዘጋጀው ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ ለላቲን ፊደል የታሰበ ስለሆነ መስመሩ ይጠብባል፥ ፊደሉም ያንሳል። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ስፍራ ነውና፥ ፊደሉ ሲያንስ ልጅ ያሳስታል። ቀለምም ሲደበዝዝ በጁባ ፀሐይ አይነበብም፤ ስለዚህ የፊደሉና የመደቡ የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን በዓለም አቀፉ መመሪያ ተደንግጓል።

ወሰኑንም እንወቅ። ገጽ ሠሪ የአንባቢውን ስልክ፥ መብራትና መረብ አያዝም። የጽሑፍ ሥዕል ብቻ ቢያኖር፥ ለዐይነ ስውራን ድምፅ እያሰማ የሚያነበው መሣሪያ ቃሉን በቀጥታ አያገኘውም። ያማረ ገጽ ያለፈበትን ወሬ አያድስም፤ የመምህርንም ስፍራ አይተካም።

ውድ ባልደረቦቼ፥ ልጆቻችን በመንገድ የጁባ ዓረብኛ፥ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይሰማሉ፤ ፊደልን የሚያገኙት በቤትና በእኛ ዘንድ ነው። በስልክ የማይከፈት ፊደል ለእነርሱ እንደሌለ ይቈጠራል። ማስታወቂያውን በተራ ጽሑፍ መልሼ በጻፍሁት ጊዜ፥ እኒያ እናት በዚያው ስልክ ወዲያው ከፍተው ጮኽ ብለው አነበቡልኝ። እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ማንኛውንም ገጽ ከማውጣታችሁ በፊት፥ ከሰፈራችን በዋጋው ዝቅተኛ በሆነው ስልክ ከፍታችሁ አንብቡት።