«ሪዘርቭ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ ትርጓሜና አመጣጥ



በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ሪዘርቭ» የሚባል ግስ አለ። በሌላው አገር ይህ ቃል የሰዋስው ተማሪ ብቻ የሚፈልገው ቢሆን፥ በጅግጅጋና በዙሪያዋ ላሉት ከተሞች ግን የታሪክ ቃል ነውና ትርጓሜውን አጥብቆ መመርመር ይገባል።

ቃሉ ከሮማይስጥ ወደ ፈረንሳይኛ፥ ከፈረንሳይኛም ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። ሥሩ «ሰርቫሬ» ሲሆን ጠበቀ ማለት ነው፤ በፊቱ የተጨመረው «ሬ» ወደ ኋላ ማለትን ያመለክታል። ሁለቱ ሲገጥሙ ወደ ኋላ አስቀርቶ ጠበቀ ይሆናል። በግእዝ ዐቀበ ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ ዐቃቤ ሕግ የሚለውም ስም ከዚሁ ከዐቀበ የወጣ ነው። እንግሊዝኛን ጥቂት የቀመሱ ሰዎች «ሰርቭ» ከሚለው ጋር አዛምደው አገለገለ ይሉታል፤ ይህ ግን ድምፅን ተከትሎ መሳት ነው፤ «ሰርቭ» የመጣው «ሰርቪሬ» ከሚባል ከሌላ ግስ ነውና።

አገባቡ ብዙ ነው። ለመንገደኛ ወንበር ሲያዝ፥ ዳኛም ፍርዱን ለሌላ ቀን ሲያቆይ ይነገራል። ንግግሩን የሚመጥን ሰው «ሪዘርቭድ» ይባላል፤ ለዚህ አማርኛው ቁጥብ ማለቱ እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ቆጠበ ሁሉን አይሸፍንም፤ «ሪዘርቭ» በተባለ ጊዜ ለማን? የሚል ጥያቄ ይከተላልና። ስለዚህ መምህር «ለእገሌ» የሚለውን ጨምሮ ቢያስጽፍ ተማሪው አይስትም።

ይህ ጥያቄ በጅግጅጋ ከባድ ነገር ሆኖ ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር በዚያ ቆየ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ኦጋዴንና «ሪዘርቭድ ኤሪያ» የተባለው ምድር በዚሁ አስተዳደር ሥር እንዲቆዩ ተደረገ። ምክንያቱ ለጦርነቱ ርዳታ ነው ተባለ፤ የኢትዮጵያ ባለቤትነትም እንዳይነካ በዚያው ውል ተጻፈ። እንግዲህ አንዱ ለእንግሊዝ ተያዘ፥ ሌላው ለባለቤቱ ተጠበቀ ብሎ ሊያነበው ይችል ነበር። ስለ ባለቤትነት የተጻፈው ቃል ባይኖር ግሱ ብቻውን አይፈርድም ነበር።

ጅግጅጋ በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመለሰች። ሐውድና የቀረው «ሪዘርቭድ ኤሪያ» ግን ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በተፈረመ ሌላ ስምምነት፥ በዚያው ዓመት በየካቲት ተመለሱ።

ዛሬ መጠባበቂያ ገንዘብ፥ ተጠባባቂ ጦር፥ ተጠባባቂ ተጫዋች የሚባሉት ሁሉ የዚሁ ግስ ፍቺዎች ናቸው፤ ሁሉም ጠበቀ ከሚለው ስለ ወጡ ከሮማይስጡ ሥር ጋር በትክክል ይገጥማሉ።